ትልቁ ድራም እስኪደርቅ

ሰኞ፣ ነሐሴ 19። ከሰዓት፣ ዝናብ

ዛሬም ላምባ። ጣቶቼ ላምባ፣ ነጠላዬ ላምባ፣ አንቺም ደብተሬ ሳትሸቺ አትቀሪም። የድራሙን ብሎኖች በጣሳ ዘፍዝፌ አደርኩ። ጠዋት ጥቂቶቹ ለቀቁ። የቀሩት ከዝገቱ ጋር ተጋብተዋል፣ አይፋቱም። በጨርቅ ይዤ ሳዞር መዳፌ ተላጠ።

ሳሎኑ የሰው ቤት አይመስልም። በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም መስኮቱ ሥር። ሦስቱ መካከለኞች ሶፋው ላይ፣ እንደ እንግዳ። ከሥሩ ቀጫጭን ሽቦ ያለው ትንሹ፣ ስኔር የሚሉት፣ ጠረጴዛው ላይ። ሲምባሎቹ ግድግዳ ተደግፈዋል፤ አረንጓዴ የለበሱ የነሐስ ሳህኖች። ስማቸውን የምትነግረኝ እማዬ ናት። እኔ የት አውቄው። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ የእንቁራሪት እንጂ የድራም ሆድ ከፍቼ አላውቅም።

እንዴት እንደመጣ ልጻፈው። ባለፈው ሳምንት አያ ደሳለኝ ከቡሬ ደወለ። የድሮው አዳራሽ ጥበቃ ነው። አዳራሹ ሊፈርስ ነው፣ መጋዘኑ እየተራገፈ ነው፣ ቁራሌው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የኪነት ቡድኑ ድራም ከአግዳሚ ወንበሮች ሥር ተገኝቷል፣ ለየሺ ንገሪያት አለኝ። የሺ እማዬ ናት። በደርግ ጊዜ፣ ኮረዳ ሳለች፣ የቡሬ ኪነት ድራም መቺ ነበረች። እሱ ደግሞ አኮርዲዮን ተጫዋች። ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት። ግን እናትሽ በልጅነቷ ኩፍኝ ወጥቶባት ነበር እንደሚባለው ያህል ነው የማውቀው። አላየሁትማ።

ትስቃለች ብዬ ነገርኳት። አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ፣ ፔዳሉ አለ ወይ በይው፣ አለች።

ፔዳሉ ነበረ። በአይሱዙ፣ ከሽንኩርት ማዳበሪያ በላይ አስጭኜ ፍ/ሰላም ድረስ አመጣሁት። መንገዱ ላይ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ዝናብና ፀሐይ አንድ ላይ ነበሩ። ድራሙ ከኋላዬ በየጉድጓዱ ለብቻው ሲያጉረመርም ነበር።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

ሰማያዊ ነው! ቡናማ የመሰለኝ የዓመታት አቧራ ነበር። በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ አንዱን ጎን አጠብኩት። ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ፤ ውስጡ ዳመና ያለበት፣ ሲያዘነብሉት የሚንቀሳቀስ። ፕላስቲክ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ረጅም ሰዓት አየሁት። የጣና ውኃ ጠዋት እንዲህ ነው።

እማዬ ከበስተኋላዬ ቆማ ነበር። ይኼን ያህል ሰማያዊ እንደነበር ረስቼዋለሁ አለች።

አሁን የማልፈልገውን ልጻፍ። እማዬ ልትመነኩስ ነው። ከፍልሰታ በፊት ነገረችኝ። አባዬ ከሞተ ጀምሮ በሆዷ ይዛው ኖራለች። በቋሪት በኩል የሴቶች ገዳም አለ፤ አያቷም እዚያው ነው ያረፈችው። የነፍስ አባቷ ቄስ ምትኩ ግን አንድ ነገር ብለዋታል፤ ልጅሽ በአንደበቷ ሂጂ ሳትልሽ እኔ ወስጄ አላስረክብሽም። እኔ አንድ ለእናቴ ነኝ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን። እሷ ከሄደች በዚህ ቤት ማን ያስነጥሳል?

አልመለስኩላትም። ድራሙ ሲመጣ፣ ይኼ ታድሶ ይለቅና እናወራለን አልኳት። ከአፌ ያመለጠ ነው።

እሺ አለች። እስኪያልቅ እቆያለሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ሲምባል። ሎሚና አመድ። እማዬ አሳየችኝ፤ ክቡን ተከትሎ እንጂ አቋርጦ አይታሽም፣ ድምፁ ይቆጣል። ድምፅ እንዴት ይቆጣል ብዬ ሳቅሁባት። አቋርጬ ሞከርኩ። እውነቷን ነው፣ እጄ ላይ ተንሰቀሰቀ።

ከዚያ በጥፍሯ ጫፉን ነካ አደረገችው። በጥፍር ብቻ። ድምፁ ወጥቶ አልቆመም። ቤቱን ዞረ፣ ወደ ጓሮ ወጣ፣ ዝናቡ ውስጥ ገባ። የት ላይ እንዳለቀ አላወቅሁም። ሁለታችንም አንገታችንን ዘንበል አድርገን ስናዳምጥ ነበር፤ እንደ ሁለት ዶሮ።

ሽንዲ ሄደው የተጫወቱበትን ቀን ነገረችኝ። የገበያ ቀን፣ በጭነት መኪና ላይ፤ ሕዝቡ ሴት ድራም መቺ አይቶ አያውቅም። አንዲት አሮጊት ወደ መኪናው ተጠግታ፣ ልጄ፣ ምን በደሉሽና ነው እንዲህ የምትደበድቢው? አለቻት። እማዬ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስታወራ ቀኝ እግሯ መሬቱን ይመታ ነበር። አላወቀችም። እኔም አልነገርኳትም።

እሑድ፣ ነሐሴ 25። ከቅዳሴ መልስ

ችግር። ትልቁን ድራም ከፈትኩት። አይጥ ሆዱ ውስጥ ቤት ሠርታ ኖራለች። ከቀይ መጋረጃ ክር የተሠራ ጎጆ፣ ለስላሳ። አይጧ የለችም። ቆዳውን በሁለቱም ወገን በልታዋለች።

የሌሎቹ ቆዳ ፕላስቲክ ነው፣ ቆሽሿል እንጂ ደኅና ነው። የትልቁ ከየት ይመጣል? ሱቆቹን ጠየቅሁ። ያሳዩኝ ነገር ቢኖር የመኪና ጎማ ሽፋን ነው። ባ/ዳር ያለች ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። የለም፤ ቢኖርም መንገዱ ሰሞኑን አያስተማምንም።

ደስ አለኝ። ለማንም የማልለውን ለአንቺ ልበልሽ፤ ደስ አለኝ። አያልቅማ።

እማዬ ግን ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ ቄስ ምትኩ ከበሮ ይወጥራሉ፣ አለች።

የቤተ ክርስቲያን ከበሮ እኮ ነው፣ አልኳት።

ቆዳዋ የተገፈፈው ጊደር በሕይወት ሳለች የትኛውን ከበሮ እንደምትሆን ታውቅ ነበር? አለችኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29። ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም፣ የእማዬ የአክስቷ ልጅ ቤት

እጄ ደክሟል፣ አጭር እጽፋለሁ። ትናንት የትልቁን ድራም ክብ ይዘን በሚኒባስ መጣን፣ ከዚያ በእግር። ጉሙ ከድንች ማሳው አልነሳ ብሎ ዋለ። ከፊቴ እማዬ ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ነጠላዋ ብቻ ይታየኛል፣ አንዳንዴ ነጠላዋም ይጠፋል። እማዬ! እላለሁ። አቤት! ትላለች። እንዲህ እየተጣራን ሄድን። በሕልም የምሄድ መሰለኝ፤ እሷ እየሄደች እኔ እየተጣራሁ።

ቄስ ምትኩ አጭር፣ ፈገግታ የማይለያቸው ሰው ናቸው። የማወራውን አጥንቼ ነበር። ያን ትልቅ ክብ እንጨት ሲያዩ ግን ስለ ምንኩስናው ምንም አላሉኝም። በጣታቸው አንኳኩተው አዳመጡ።

"ይኼ ምን ይባላል፣ ልጄ?"

"ድራም ነው፣ አባ። የዘፈን ነው። ካስቀየምንዎ..."

"ሆዱ ባዶ ነው። ባዶ ሆድ ምን ኃጢአት አለበት?"

ደጃቸው ላይ የተነከረ ቆዳ ነበር። ለደብሩ ከበሮ ያዘጋጁት፣ ከዚያው ለእኛም ይተርፋል አሉ። ጠጉሩን በቢላዋ ሲፍቁ፣ ስንት ቀን ይፈጅ ይሆን አልኳቸው።

"እንደ ሰማዩ ነው። እርጥብ እያለ እወጥረዋለሁ፣ የቀረውን ፀሐይ ይሠራዋል።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "ቆዳ ሲደርቅ ይጠብቃል። ሰው ግን እየደረቀ አይጠብቅም።"

እማዬ አቀርቅራ ፈገግ አለች። እኔ ስለ ቆዳ ያወሩ መስሎኝ፣ አዎ አባ፣ አልኩ። ስለ ቆዳም አውርተዋል፤ ሲደርቅ ይጠብቃል፣ ይወጠራል። የገባኝ አሁን ነው፣ መደብ ላይ ጋቢ ለብሼ። መጠበቅ። ሰው እየደረቀ፣ እያረጀ፣ አይቆይም ማለታቸው ነው። ስድሳ ዓመት ካለፋት እናቴ ጋር ተቀምጬ፣ አዎ አባ፣ ብዬ አረፍኩት።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1። ፍ/ሰላም

ዝናብ። ደግ ዝናብ።

ክቡ ቄስ ምትኩ ጋ ቀርቷል፤ ሲደርቅ ይልኩታል። በዚህ ዝናብ አይደርቅም። የቀረውን እጠርጋለሁ። የድራሞቹን የብረት ቀለበቶች በብርማ ወረቀትና በውኃ ሳሻቸው መስታወት ሆኑ፤ ፊቴ ተለጥጦ ታየኝ። የስኔሩን ሽቦ አንድ በአንድ አቃናሁ። ፔዳሉን በስፌት መኪና ዘይት አጠጣሁት፤ ሲነኩት አሁን ድምፅ የለውም፣ እንደ ድመት።

ጎረቤታችን ጸበል ይዛ መጥታ ሳሎኑን አየች። ሠርግ አለ ወይ? አለች። እማዬ፣ አዎ፣ የኔ፣ ብላ መለሰችላት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ሄደች። እኔ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ሕልም አየሁ። ድራሞቹ ጓሮ ተተክለው በቅለዋል። ሰማያዊ፣ ቅጠል ያወጡ። እማዬ መሐላቸው እየሄደች ሆዳቸውን እንደ ዱባ ታንኳኳለች፤ ይኼ ደርሷል፣ ይኼ አልደረሰም። እኔ ከኋላዋ፣ የደረሱትን፣ አልደረሱም፣ አልደረሱም እላለሁ።

ጠዋት እማዬ ቀለበት ስጠርግ አገኘችኝ።

"ይኼን ትናንት ጠርገሽው የለ?"

"አልጠራም።"

"ከትናንት በስቲያም ጠርገሽዋል።"

መጥረጌን ቀጠልኩ። እሷ ሄዳ ድፎውን ለነገ አቦካች።

ቅዳሜ፣ መስከረም 3

አዲሱ ዓመት በፀሐይ ገባ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። እኔ ሰማዩን ባየሁት ቁጥር ትንሽ እቀየማለሁ።

የእማዬን ጓዝ አየሁ። አልደበቀችውም። አንድ ቢጫ ሻንጣ፣ ሁለት ቀሚስ፣ ጋቢ፣ ዳዊት። ሌላ የለም። ሰው ይህን ያህል ዓመት ኖሮ የሚፈልገው ይኼ ብቻ ነው? እኔ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ስሄድ ከዚህ የበለጠ እይዛለሁ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 6

ደረሰ። የቄስ ምትኩ ዘመድ ለገበያ ሲመጣ በገመድ አስሮ ጀርባው ላይ አዝሎ አመጣው። ቆዳው ደርቋል። ጠብቋል። ነጭ ነው፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ መሐሉ ላይ የጊደሯ ጥቁር ምልክት ጥላ መስሎ ቀርቷል። በጣቴ ነካ ባደርገው ከሆዴ የሚወጣ የመሰለ ድምፅ አወጣ።

ገጠምነው። ብሎኖቹን እማዬ ራሷ አጠበቀች፤ አንዱን ትንሽ፣ ከዚያ ከፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ፣ ፊት ለፊት ፊት ለፊት። በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ። እጆቿ አልረሱም።

አልቋል፣ ደብተሬ። ምንም አልቀረውም።

ዓርብ፣ መስከረም 9

ይህን መጻፍ ያሳፍራል። ጠዋት እማዬ ለኪዳን ሄዳለች። ጨርቅ ውኃ ውስጥ ነከርኩ። ትልቁ ድራም ፊት ተንበርክኬ ነበር። ቆዳው ቢርስ ይላላል። ቢላላ ዳግመኛ ቋሪት ይሄዳል፣ ዳግመኛ ይደርቃል፣ ጥቅምት ይገባል። ጨርቁ ይንጠባጠባል። ገና አልነካሁትም።

በሩ ተከፈተ። ዳዊቷን ረስታ ተመልሳ ነው።

አልጮኸችም። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ እያመማት። ጨርቁን ከእጄ ወሰደች፣ ጨመቀችው፣ በሱ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጠረገችልኝ።

"አንቺን ጠልቼ የምሄድ ይመስልሻል?"

"አይደለም።"

"ታዲያ?"

"ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ እማዬ። ከኔ ጋር ሆነሽ መጸለይ አትችዪም? ማን ከለከለሽ?"

መለሰችልኝ። እንዳለችው ልጽፈው እሞክራለሁ። ድራም መቺ አያቆምም አለች። ዘፋኙ ውኃ ይጠጣል፣ አኮርዲዮኑ ያርፋል፣ ጨፋሪው ላብ ይጠርጋል። አንቺ ካቆምሽ ግን ሁሉም ይቆማል። ኪነቱ ሲበተን ተገላገልኩ አልኩ። ከዚያ አባትሽ መጣ፣ ቤቱ መጣ፣ አንቺ መጣሽ፤ ሁሉም የኔን እጅ ሰምቶ ነው የሚነሳው፣ የሚተኛው። ወድጄ ነው ያደረግሁት። አላማረርኩም።

"አሁን ግን፣ ልጄ፣ ዝም ማለት አማረኝ። እኔ ሳልመታ የሚሄድ ነገር መስማት እፈልጋለሁ።"

ጭኗ ላይ ራሴን አኖርኩ። ቀሚሷ ዕጣን ዕጣን አይልም፤ ላምባ ላምባ ይላል። ኪዳኑ አመለጣት።

እሑድ፣ መስከረም 11። ማምሻ

እንዳይጠፋኝ በቶሎ።

አያ ደሳለኝ ከቡሬ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከጥበቃ ኮፍያው ጋር። ድራሙን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። አኮርዲዮኑ ድሮ ጠፍቷል፤ ስለዚህ በአፉ ነው፣ ፉጨት። የሺ፣ በይ እንግዲህ፣ ቁጭ በይ አላት። ወንበሩን ጠረገላት።

እማዬ፣ እኔ አልቀመጥም አለች።

"ምነው? ለማን ነው ታዲያ የታደሰው?"

"ሰብለ ትምታ።"

እኔ! ዱላ ይዤ የማውቀው ለውሻ ነው። አስቀመጠችኝ። ከኋላዬ ቆማ ሁለቱን እጆቼን ያዘች። ቀኝ እግርሽን እርሺው፣ እሱ የልብ ምት ነው፣ አለች። ቀኝ እጅ ሲምባሉ ላይ። ግራውን ስኔሩ ላይ ጣይው፣ አትምቺው፣ ጣይው። ሳትኩ። ደገምኩ። ሳትኩ። አያ ደሳለኝ በትዕግሥት ያፏጫል፤ ስሳሳት ያቆማል፣ ስጀምር ይጀምራል። ከዚያ በሆነ ሰዓት እጆቿ እጆቼ ላይ እንደሌሉ አወቅሁ። ምቱ ግን አልቆመም። እኔ ነበርኩ።

ቀና አልኩ።

እማዬ መሐል ሳሎን ላይ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ዓይኗን ጨፍናለች። ትከሻዋ ተነሳ፣ ወረደ፣ መጀመሪያ እንደሚያፍር ሰው፣ ከዚያ ሳያፍር። እስክስታ! እናቴ። በሠርግ ስታጨበጭብ እንጂ ስትጨፍር አይቼ አላውቅም። አንገቷ እንደ ኮረዳ ነው። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ሰማያዊው ላይ አርፎ፣ ከሰማያዊው ተነስቶ ቀሚሷ ላይ ውኃ ውኃ ይጫወታል። ፊቷ እየፈካ፣ እየራቀ፤ እዚሁ ሆና ሩቅ።

የአያ ደሳለኝ ፉጨት ተቋረጠ። ያለቅስ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ሁሉ ሲጨፍር እሷ ከኋላችን ታስራ ነበርኮ አለ፤ አንድ ቀን እንኳ፣ የሺ፣ አንቺም ውረጂና ጨፍሪ ያላት የለም።

እኔ አላቆምኩም። ክንዴ ተቃጠለ፣ ቀኝ እግሬ ደነዘዘ፣ አላቆምኩም። እሷ እስኪበቃት። እሷ ራሷ ቆመች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እያለከለከች፣ እየሳቀች። በቃኝ አለች። ተመስገን፣ በቃኝ።

ሰኞ፣ መስከረም 12። ጠዋት

ቄስ ምትኩ ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ ይሄዳል ይመጣል። አባ፣ ሰብለ ነኝ፣ የየሺ ልጅ፣ አልኩ። ቆዳው ላላ ወይ? አሉኝ። አልላላም አልኳቸው። የደወልኩት እፈቅዳለሁ ለማለት ነው፣ እያልኩ ስልኩ ተቋረጠ። የሰሙ አይመስለኝም።

ስለዚህ ኩሽና ገባሁ። ሽንኩርት ትልጣለች። ሂጂ፣ እማዬ፣ አልኳት። ቃሉ ወጣ። ቢላዋውን አስቀመጠች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። እንዴት ተደርጎ! እኔው ጉልበቷን ሳምኩ።

ድራሙን አልሸጥም፣ አልሸፍነውም። ለት/ቤቱም ልስጥ ብዬ አስቤ ነበር፤ አልሰጥም፣ ገና አልቻልኩበትም። አያ ደሳለኝ በየእሑዱ እመጣለሁ ብሏል።

ከመስቀል ማግስት ቋሪት እንሄዳለን። መኪና ከጠፋ በእግር። ቢጫውን ሻንጣ እኔ እይዛለሁ፤ የገዳሙ በር ድረስ።